ያልቆመችው ባጃጅ

ባጃጇ እንዳትቆም ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሹፌሩ ፍጥነት ቀንሰው ወደ አስፋልቱ ጠርዝ መጠጋት ጀምረው ነበር። «ኮንትራት ነው ጋሼ፤ አይቁሙ» አልኳቸው። ድምፄ አብዛኛውን ጊዜ ከከንፈሬ አያልፍም፤ ያን ቀን ግን ጥርት ብሎ ወጣ። እሳቸውም አልቆሙም።

መንገዱ ዳር አንዲት ሴት ከትከሻዋ ያነሳችውን ሻርፕ እያውለበለበች ነበር። ከኋላዋ አንድ የጠፍር አልጋ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ዙሪያውን አራት ወንዶች ላባቸውን እየጠረጉ ቆመዋል። አልጋው ላይ አንዳች የተጠቀለለ ነገር ነበረበት። ካለፍናቸው በኋላ ሴትየዋ ጥቂት ስትሮጥ፣ ከዚያ ክንዷ ሲወርድ በጎኑ መስታወት አየሁ። ቀትር ነበር፤ ሰውም ዛፍም ጥላ የሌለው ሰዓት።

ከዚያ በኋላ አምስት ወር ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ነበር ማወቅ የፈለግኩት። አልጋው ላይ የነበረው ሰው ተርፏል ወይስ ሞቷል?

ሀዋሳ ነው ተወልጄ ያደግኩት። ዩኒቨርሲቲ ከጨረስኩ በኋላ ሥራ እስካገኝ እጄን አጣጥፌ ከምቀመጥ ብዬ በጎ ፈቃደኛ ሆንኩ፤ የደረሰኝ ቦታ ከሚሴ ነበር። ስሰናበት እናቴ «ከአገር አትወጪ፣ ምን ያስለቅስሻል?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ከአገር አልወጣሁም። ግን የከሚሴ ሰው ወሬውን በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ይጨርሰዋል፤ ቀልዱ ያለው ደግሞ ሁልጊዜ መጨረሻው ላይ ነው። ሁሉም ስቆ ሲያበቃ እኔ ዘግይቼ ፈገግ እላለሁ። ባዳ መሆንን ያወቅኩት እንዲህ ከሳቅ ኋላ እየቀረሁ ነው።

ሥራዬ ወደ ጨፋ ሮቢት በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ንባብ የከበዳቸውን ልጆች ማገዝ ነበር። ጠዋት ከከሚሴ እሄዳለሁ፣ ቀትር ላይ እመለሳለሁ። በዚያ መንገድ ከሚኒባስና ከባጃጅ ሌላ ምርጫ የለም።

ወደየምድባችን ከመሄዳችን በፊት ስለ ጉዞ ሥልጠና ተሰጥቶን ነበር። ያሠለጠነችን ሴት ቆፍጣና ነበረች፤ የተናገረችውን ሁሉ በደብተሬ አሳምሬ ጽፌያለሁ። ሳትሳፈሪ ታርጋውን ለጓደኛሽ ላኪ። ከሹፌሩ ጎን አትቀመጪ። ከምትኖሪበት በር አትውረጂ፣ ቀደም ብለሽ ውረጂና በእግርሽ ግቢ። ኮንትራት ከያዝሽ መንገድ ላይ ሌላ ሰው እንዳይጫን በግልጽ ተናገሪ። መጨረሻ ላይ ወደ እኔ አየችና፣ ወይም ለእኔ እንዲህ መሰለኝ፣ «ማፈር አደጋ ነው» አለች። ከሁሉም ይልቅ ይህችን ያዝኳት።

በመጀመሪያው ወር የተሳፈርኩበት ባጃጅ መንገድ ላይ ሁለት ወንዶች ጫነ። አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ ገቡና መሐል አደረጉኝ። በኦሮምኛ ይባባላሉ፣ ይስቃሉ፤ ሹፌሩም ዞር እያለ ይስቃል። ቦርሳዬን አቅፌ፣ ስልኬን ጨብጬ ከሚሴ እስክንደርስ ተቀመጥኩ። ሲወርዱ አንደኛው ፊቴን አይቶ «አብሽሪ እህቴ፣ ፍየል እያማን ነው እንጂ አንችን አልነካንም» አለኝ። ባለፈው ገበያ የገዟት ፍየል ገመዷን በጥሳ ወደ ሻጯ ቤት ተመልሳ ኖሯል። ምንም አልሆንኩም። ቢሆንም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ ስመለስ ኮንትራት መያዝ ጀመርኩ፤ ሹፌርም መረጥኩ።

የመረጥኳቸው ሰው ከስልሳ ዓመት በላይ ይሆናቸዋል። በጉብዝናቸው ዘመን ከባድ መኪና ይነዱ ነበር፤ ባጃጇን የያዙት «ቤት ከመዋል» ብለው ነው። ሞተር ሲያስነሱ ቢስሚላህ ይላሉ፣ አስፋልቱን ሲይዙ ዝቅ ባለ ድምፅ መንዙማ ይጀምራሉ። እንደ እኔ ወሬ አያበዙም፤ ስለዚህ ተስማማን። ያልተስማማነው በአንድ ነገር ነበር።

«ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ወንበር ባዶውን ይሄዳል?» አሉኝ የመጀመሪያው ቀን።

«አዎ ጋሼ፣ ኮንትራት ነው።»

«ወንበሩ ምን አጠፋ?»

በዚያ አገር ኮንትራት ማለት ሰዓቱንና አቅጣጫውን አንቺ ትመርጫለሽ ማለት ነው እንጂ መንገደኛ ፀሐይ ላይ ቆሞ እያየ ባዶ ወንበር ይዘሽ ታልፊያለሽ ማለት እንዳልሆነ በኋላ ነው የገባኝ። እሳቸው ግን ከእንግዳ ጋር መከራከር ነውር ስለሚመስላቸው ተዉት። በየቀኑ እጃቸውን የሚያነሱ ሰዎችን ስናልፍ ብቻ መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው አንገታቸውን ያቀረቅራሉ፤ ይቅር በሉኝ፣ የሰው አደራ ይዣለሁ እንደማለት።

ያን ቀን ገበያ ነበር። በገበያ ቀን በዚያ መንገድ የማይታይ ዕቃ የለም። በር የተሸከመ፣ ቆርቆሮ ያነገተ፣ ዶሮዎችን ዘቅዝቆ የያዘ፣ ግመሉን የሚነዳ የአፋር ሰው ይታያል። ባለፈው ሳምንት የጠፍር አልጋ ባጃጅ ጣሪያ ላይ ታስሮ፣ አራት እግሩን ወደ ሰማይ አንስቶ ሲሄድ አይቼ ለብቻዬ ስቄ ነበር። ስለዚህ አልጋውንና አራቱን ወንዶች ሳይ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው። አልጋቸውን ጣሪያ ላይ ሊያስሩ፣ አራቱም እኔ ጎን ሊጠቀጠቁ ነው። ማፈር አደጋ ነው። «አይቁሙ» አልኩ።

ካለፍናቸው በኋላ መንዙማው ቆመ። እንደ ደከማቸው ቆጠርኩት። ከሚሴ ገብተን ሁልጊዜ የምወርድበት ቦታ ስንደርስ ሞተሩን አጠፉ፤ ወደ እኔ ግን አልዞሩም።

«ልጄ፣ አልጋው ላይ ሰው ነበረበት።»

«ምን አሉኝ?»

«ሰው ነዋ! ብርድ ልብስ ያለበሱት። ወሳንሳ ነበር'ኮ። አላየሽም እንዴ?»

«ለገበያ የሚወስዱት አልጋ መስሎኝ…»

ያኔ ዞሩ። ዓይናቸው ውስጥ የነበረው ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። «አይተሽ ነው ብዬ'ኮ ነው» አሉ። «እኔ አይተሽ ነው ብዬ!»

ወሳንሳን በስም አውቀዋለሁ፤ አይቼው አላውቅም ነበር። መኪና ከማይገባበት መንደር በሽተኛ የሚወጣው ሰው በሚተኛበት በዚያው የጠፍር አልጋ ላይ ሆኖ፣ በአራት ሰው ትከሻ ነው። መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ ትከሻውን ያገባል፤ ዘመድም ይሁን ጠላት አይጠየቅም። አስፋልት ሲደርሱ አልጋውን ያወርዱና መኪና ይጠብቃሉ። ወሳንሳ ያየ ሹፌር ኮንትራትም ቢይዝ፣ ሙሽራም ቢጭን ይቆማል። እሳቸው በከባድ መኪና ዘመናቸው አንድም ቀን ወሳንሳ አልፈው አያውቁም። «አይቁሙ ስትይኝ ምላሴ ታሰረ። የማታውቀው ሴት ልጅ ፈርታ ነው፣ አታስጨንቃት አልኩ ለራሴ። ጥፋቱ የኔም ነው» አሉና ባጃጇን አዞሩ።

በመጣንበት ፍጥነት ሳይሆን በእጥፉ ተመለስን። አንድ አይሱዙ ከፊት መጥቶ አለፈን፤ ላዩ ላይ ሰዎች ነበሩ፣ ከሰዎቹ ሌላ ምን እንደጫነ ግን አላየሁም። ቦታው ስንደርስ ማንም የለም። አፈሩ ላይ የአልጋው አራት እግሮች ጠልቀው የሠሯቸው አራት ጉድጓዶች ነበሩ። እንዲያ የሚጠልቀው ክብደት ሲኖረው ነው። ትንሽ አለፍ ብላ ማንጎ የምትሸጥ ሴት በአገጯ ወደ ከሚሴ አሳየችን፤ «በአይሱዙ ተጭነዋል» አለች። ሌላ የምታውቀው ነገር አልነበረም።

እንደገና ተመልሰን ሆስፒታሉ በር ላይ ደረስን። የበሩ ጠባቂ በትዕግሥት ጠየቀን።

«የበሽተኛው ስም ማነው?»

«አናውቅም።»

«ወንድ ነው ሴት?»

ተያየን። «አናውቅም።»

«ምኑን ነው ያመመው?»

«እሱንም…»

«ታዲያ የምን ዘመድ ናችሁ?» አለና ሳቀብን። የገበያ ቀን ነው፣ ስንቱ ይገባል፣ ስንቱ ይወጣል። ዛፍ ሥር ብዙ ሰው ተቀምጦ ነበር። ሻርፕ ያላደረገች ሴት አልነበረችም። በእያንዳንዷ ፊት ለመቆም ድፍረት አጣሁና ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ እንዴት እንደምናገረው አላውቅም። ውጭ ላይ ሁሉም እንደ ነበረው ነው። ጠዋት እሄዳለሁ፣ አስነብባለሁ፣ እመለሳለሁ። ኮንትራት ግን ተውኩ፤ ከሰው ጋር ተጠቅጥቄ፣ የማልሰማውን ቀልድ እየሰማሁ ነው የምመለሰው። ትምህርት ቤት አንድ ልጅ ቀርቶ ሲመጣ አልለቀውም። «የት ነበርክ?» እለዋለሁ። «ለቅሶ» ካለኝ አለቀ። ማን ሞተ? መቼ? ታሞ ነው? በምን ወሰዳችሁት? ልጆቹ በትልቅ ዓይናቸው ያዩኛል። አንድ ቀን ወደ ክፍል ስገባ አንዷ ልጅ ለሌላዋ «ለቅሶ ጠያቂዋ መጣች» ስትል ሰማሁ። ስም ወጥቶልኛል ማለት ነው። ተገቢ ስም ነው ብዬ አሰብኩ።

አብራኝ የምትኖረው በጎ ፈቃደኛ ነገሩን ስነግራት «አንቺ ሕጉን ነው ያከበርሽው» አለችኝ። እውነት ነው። የከፋውም እሱ ነው። በሕይወቴ አፍሬ ያልተናገርኳቸው ነገሮች ብዙ ናቸው፤ አንዳቸውም አያሳድዱኝም። የሚያሳድደኝ ደፍሬ የተናገርኩት ነው። አልጋዬ ላይ ስቀመጥ እንኳ ቀስ ብዬ ነበር የምቀመጠው፤ ከሥሬ ሰው ያለ ይመስለኛል።

ሹፌሩም እንደ እኔ ይፈልጉ ነበር። ጁምዓ ሲወጡ ይጠይቃሉ፣ ሌሎች ሹፌሮችን ይጠይቃሉ። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «እስካሁን የለም» ይሉኛል፤ ሰላምታችን ይኸው ሆነ። በአምስተኛው ወር አንድ ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

«አገኘኋቸው» አሉ።

«ሞቷል?»

«ሴት ናት። ምጥ ላይ ነበረች። እሷ አለች፣ አልሐምዱሊላህ።» መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ልጁ የለም።»

አንድ ሰው ነው ብዬ ነበር ስጨነቅ የኖርኩት፤ ሁለት ነበሩ።

«ሄጄ ምን እላለሁ?»

«አፉ በሉኝ ትያለሽ።»

«ይቅርታ ብጠይቃቸው…»

«ይቅርታ የመሥሪያ ቤት ነው። አፉ በሉኝ በይ። አፉ በሉኝ የተባለ ሰው ዝም ብሎ አያሰናብትሽም፤ ወይ ይልሻል፣ ወይ አይልሽም።»

ቅዳሜ ዕለት ሄድን። ባጃጇን አስፋልት ዳር ትተን አቀበቱን በእግር ወጣን። ወሳንሳው የወረደበት መንገድ ነው፤ ድንጋያማና ጠባብ። ምንም ሳልሸከም ሁለት ጊዜ አዳለጠኝ። እየወጣሁ አራቱን ወንዶች አሰብኩ፤ ላባቸውን ሲጠርጉ አይቼ ምን እንዳላባቸው እንኳ አላሰብኩም ነበር።

የወላዷ እናት በር ላይ ተቀበሉን። ሹፌሩ ሰላምታውን በኦሮምኛ አረዘሙት፤ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማሽላው ተጠያየቁ። ያን ቀን ምጥ ላይ የነበረችው ልጃቸው ከደጃፉ ጎን ተቀምጣ በሰፌድ ማሽላ ትለቅማለች። ከእኔ በዕድሜ ታንሳለች። ቀና ብላ አየችንና ወደ ሰፌዷ ተመለሰች። እኔ ማን እንደሆንኩ ገና አልተነገረም። ሹፌሩ ነገሩን ለመጀመር ብለው «ያን ቀን እንዴት ነበር የሄዳችሁት?» አሏቸው፤ እናትየዋም ብዙ ጊዜ እንደተናገረው ሰው ሳያመነቱ በአማርኛ ነገሩን።

«ከሌሊት ጀምሮ ነው የያዛት። ሲብስ ወንዶቹ አነሷት። አስፋልት ስንደርስ ሁለት ሚኒባስ አለፈን፤ ጢም ብለው ሞልተዋል፣ አልፈርድባቸውም። አንድ ትልቅ መኪና አለፈን። ከዚያ ባጃጅ መጣች። ባዶ! አንዲት ልጅ ብቻ ተቀምጣባታለች። ሴት መሆኗን ሳይ ጊዜ አልሐምዱሊላህ አልኩ። የሴትን ነገር ሴት ታውቃለች ብዬ ነው እንደዚያ የሮጥኩት። ወንድ ቢሆን ይሄን ያህል አልሮጥም ነበር።»

ሹፌሩ መሬት መሬት አዩ። ለእኔ የሚናገርልኝ ሰው አልነበረም።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ምን አልሽ ልጄ?»

«ባጃጇ ውስጥ የነበርኩት እኔ ነኝ። እሳቸው ሊቆሙ ነበር። አይቁሙ ያልኩት እኔ ነኝ። አልጋው… ለገበያ የሚሸጥ አልጋ መስሎኝ ነው።»

እናትየዋ እኔን አዩ፣ ሹፌሩን አዩ። ከዚያ ድንገት ሳቁ። «ያ አላህ! አልጋችንን ሸጠን ምን ላይ ልንተኛ!» ሳቁ መሐል ላይ ተቆረጠ። «አልጋ የሚሸጥ ሰው እንደዚያ ይጮሃል? ድምፄስ አልተሰማሽም?»

«አልተሰማኝም። ሞተሩ… አላዳመጥኩም።»

«አላዳመጥሽም» አሉ፤ ቃሉን እንደ ቅመም ምላሳቸው ላይ እያደረጉ።

«አፉ በሉኝ» አልኳቸው። ከአፌ ሲወጣ ባዳ ቃል መሆኑ ለእኔም ተሰማኝ።

ወደ ልጃቸው አዩ። «የኔን አፉ ብየሻለሁ» አሉ በመጨረሻ። «መሮጤን፣ መጮሄን፣ አደባባይ ላይ መዋረዴን አፉ ብያለሁ። የሷን ግን እሷን ጠይቂ። የሷን እኔ አልሰጥሽም።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንዱ ሐኪም ልጁ ከቤት ሳትወጡ ነው ያለቀው አለን። አንዷ ደግሞ ትንሽ ብትቀድሙ ኖሮ አለች። እኔ የሐኪሙን ይዤ እተኛለሁ። እሷ የሌላዋን ይዛ ነው የምታድረው።»

ወደ ልጅቷ ሄጄ በርከክ አልኩ። «አፉ በይኝ እህቴ።» እጇ አልቆመም። ጠጠሩን ለይታ ወረወረች፣ ሌላ ፈለገች፣ ወረወረች። እግሬ እስኪደነዝዘኝ አጠገቧ ተቀመጥኩ። በኋላ እናትየዋ ከጓዳ ወጥተው፣ እንደ ማንኛውም የቤት ጉዳይ «ከዚያ ወዲህ ደህና አይደለችም፤ ዛሬ ከሰዓት ሆስፒታል ልትታይ ነው። መውረዳችሁ ከሆነ ይዛችኋት ሂዱ» አሉ።

ባጃጇ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሹፌሩ መንዙማ አላሉም። ብዙ ከሄድን በኋላ ልጅቷ ወደ ፊት እንዳየች «ስንት ሰዓት ነበር?» አለችኝ። ድምፅዋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

«ምኑ?»

«ስታልፊን።»

ተማሪ የምንለቅበትን ሰዓት ስለማውቅ አልተሳሳትኩም። «ስድስት ከሩብ።»

«ከሚሴ ስንት ሰዓት ገባሽ?»

ምን እያሰላች እንደሆነ ገባኝ። አላስታውስም ማለት ይቻል ነበር። አሥር ደቂቃ ጨምሬ መናገርም ይቻል ነበር፤ ማንም አይደርስበትም። ሹፌሩ በመስታወቱ ያዩኛል፤ እሳቸውም ሰዓቱን ያውቃሉ።

«ሃያ ጉዳይ ለሰባት» አልኳት።

«እኛ የደረስነው ሰባት ከአሥር ነው። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አይቼዋለሁ።» ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። «ግማሽ ሰዓት» አለች።

ሆስፒታሉ በር ላይ ወረደችና ሳትዞር ገባች። ሹፌሩ «እንጠብቃት?» አሉኝ፤ እኔ ደግሞ ሊሄዱ መስሎኝ ነበርና «እባክዎ» አልኳቸው። ሞተሩን አጠፉ። ፀሐዩ ከባጃጇ አንድ ጎን ወደ ሌላው እስኪዞር ተቀመጥን። ግማሽ ሰዓት ምን ያህል እንደሆነ ያን ቀን ቁጭ ብዬ ለካሁት። በጣም ረጅም ነው። በዚያ ውስጥ አንድ ሰው ላይ ብዙ ነገር ሊደርስ ይችላል።

ስትወጣ እንጠብቃታለን ብላ አላሰበችም መሰለኝ፤ ባጃጇን ስታይ ቆም አለች። ቀርባ ጎንበስ ብላ አየችኝ።

«አልሄድሽም?»

«አልሄድኩም።»

እስከ ሰፈሯ መውጫ መለስናት። ወርዳ አቀበቱን ስትጀምር አስተዋልኩ፤ እርምጃዋ ገና የታመመ ሰው እርምጃ ነበር። አፉ አላለችኝም። አገልግሎቴ እስኪያበቃ ሦስት ጊዜ ሆስፒታል አብሬያት ሄጃለሁ፤ ሁለተኛ አልጠየቅኳትም፣ እሷም አላለችኝም። በቀጠሮዋ ቀን ግን አስፋልቱ ዳር ወጥታ የምትጠብቀው እኛን ነበር። ሌላ ባጃጅ ሲመጣ እጇን አታነሳም።